ሰዓቱን ልግዛው ወይስ ልመልሰው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት

ሮጬ ገባሁ። ካልሲዬ ጭቃ ብቻ ነው። ውሃ ጠፍቷል። በጆግ ተለቃልቄ ወደ ሥራ። ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና ልሂድ፤ እጄ ላይ ሰዓት አለ። የእኔ አይደለም። ገና አይደለም።

የጋሼ ነስሩ ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት ስልክና ቻርጀር የሚሸጡት የስልጤ ሰው። ጂፒኤስ ያለው የስፖርት ሰዓት፣ ከአ.አ. ያመጡት። ክረምቱን ሙሉ ከመስታወቱ ኋላ ሳየው ታዝበውኛል። ትናንት ዕቃ ሊያመጡ ሲነሱ ጠሩኝ። እስክመለስ አስሪው፤ ከወደድሽው ትከፍያለሽ፣ ካልወደድሽው ወደ ቦታው ይመለሳል አሉ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም። የወራት ደሞዜ ነው፣ ይብቃ።

ረፈደብኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ላብራቶሪ ውስጥ ሁሉም አየው። ይደውላል? ፎቶ ያነሳል? አይደውልም፣ አያነሳም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ስንት ኪ.ሜ. እንደሮጥኩ፣ በስንት ደቂቃ፣ ልቤ እንዴት እንደመታ ይነግረኛል። ሳቁብኝ። ደም ስቀዳ በሽተኛዋ ሳትቀር ክንዷን ትታ የእኔን ክንድ ታያለች።

እማዬ አልሳቀችም። የጽጌን ጾም ይዛለች፣ ትዕግሥቷ አጭር ነው። በዚህ ብር የማድቤቱ ቆርቆሮ ይቀየር ነበር አለች። እውነቷን ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ድስት ደቅነን ነው የምናበስለው። 

ግን እማዬ አሰልጣኙን አታውቀውም። ለአንቺ ነግሬሻለሁ፤ የጅማው ክለብ ሰው። ባለፈው ወር ስደውልለት የመጀመሪያ ጥያቄው የ10 ኪ.ሜ. ሰዓትሽ ስንት ነው የሚል ነበር። ነገርኩት። ዕድሜሽ ገፋ ብሏል፣ ሰዓትሽ ግን ጥሩ ነው፣ በወሩ መጨረሻ ለሙከራ ነይ አለኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠራኝ አይኖርም። ለዚህ ነው ሰዓቱ። ዝም ብሎ መሮጥና ተለክቶ መሮጥ አንድ አይደለም።

እንቅልፍ እንቢ ብሏል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። ምሳ ሰዓት

 መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት እንደ ወትሮው ከጫልቱ ጋር በጎሬ መንገድ ወጣን። ጫልቱን ታውቂያታለሽ፤ የኡካዋ ልጅ፣ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት የምታስተምረው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ አንድ እርምጃ ሳትርቅ የምትሮጠው። ጉም ነበር። ሰዓቱ ሳተላይት እስኪያገኝ ቆመን በረደን፤ እሷ እየዘለለች ሳቀችብኝ። ከዚያ ጀመርን።

መዞሪያችን ትልቁ ሾላ ነው። እስከዚያ አምስት ኪ.ሜ. ነው። ወንድሜ በሞተሩ ለክቶ ነግሮኝ ከዚያ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም። ሾላው ጋ ደርሼ እጄን አየሁ። አምስት አይልም። ለአምስት ብዙ ይቀረዋል። ሰዓቱ ተሳስቷል አልኩ። ጉሙ ነው፣ ዛፉ ነው አልኩ። ተመልሰን መናኸሪያው ጋ ስንደርስ የነገረኝ ያንኑ ነው።

ገባሽ? አሥር ነው ያልኩት አሥር አይደለም። ለአሰልጣኙ የነገርኩት ሰዓት የአጭር መንገድ ሰዓት ነው። አልዋሸሁም፣ ግን እውነት አይደለም።

ለጫልቱ ነገርኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ሰዓቱን ጣይው አለች። ለእሷ ቀላል ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ሾላውን አልፌ ሙሉ አሥር ሮጥኩ። በሙሉ ኃይሌ። መጨረሻ ላይ አስመለሰኝ። የመጣው ቁጥር ለአሰልጣኙ ከነገርኩት በላይ ነው። ብዙ በላይ።

ሰዓቱን አውልቄ አልጋ ላይ ወረወርኩት። ወዲያው ደግሞ መስታወቱ ተጭሮ እንደሆነ ብዬ ሮጬ አነሳሁት። ራሴን ታዘብኩ።

ባልሞክረው ኖሮ ጅማ በደስታ እሄድ ነበር። ሄጄም እዋረድ ነበር። የትኛው ይሻላል?

እሑድ፣ ጥቅምት 10። ከሰዓት

እማዬን ቤ/ክ ማድረስ ስላለብኝ አልሮጥኩም። ጫልቱ ብቻዋን ስለምትወጣ እስቲ አንቺም ሞክሪው ብዬ ትናንት ሰዓቱን አሰርኩላት። እንደ ልጅ ደስ አላት። ማቆሚያው ቁልፍ ላይ ምልክት አድርጌ የትኛውን እንደምትጫን አሳየኋት። መሄጃዋን ነገርኳት፤ ሙሉ አሥሩን፣ ሾላውን አልፋ።

ከቅዳሴ ስንመለስ አመጣችው። ደህና ነበር? አልኳት። ደህና ነበር፣ ቸኮልኩ እንጂ አለች፣ ሄደች።

ሰዓቱ የመዘገበውን አሁን ስልኬ ላይ ከፈትኩት።

ደብተሬ፣ ጫልቱ ከእኔ ትፈጥናለች። በትንሽ አይደለም። እኔን ካስመለሰኝ ቀን ሰዓት እጅግ ያነሰ ነው። ለአሰልጣኙ ከነገርኩትም ያነሰ ነው። ደጋግሜ አየሁት። መስመሩን በካርታው ላይ አየሁት፣ የትም አላቋረጠችም፣ ባጃጅ አልያዘችም፤ ሽቅብ ነው፣ ቁልቁል ነው፣ ያው መንገዳችን ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አልነገርኳትም። ትናንት ጠየቀችኝ፤ ስንት መጣሁ? ገና አላየሁትም አልኳት። ዛሬም ጠየቀች። ኔትወርክ እምቢ አለ አልኩ። ምን አስባ ትጠይቃለች እኔን። አምናኝ ነው።

በሩጫው ላይ ትንፋሿን ሰማሁ። ትተነፍሳለች እንዴ ይህች ልጅ? ያለ ድካም ያፏጨች ያህል ነው። እንዴት እስከ ዛሬ አልሰማሁትም?

አንድ የማይመች ነገር ደግሞ አለ። ጫልቱ ወደ ኡካ ዝውውር ጠይቃለች። አባቷ ብቻቸውን ናቸው፣ ሲያረጁ አጠገቤ ሁኚ ብለዋታል። ደብዳቤው በዚህ ወር ይወጣል። ዝም ካልኩ ትሄዳለች፣ ታስተምራለች፣ ታገባለች፣ መሮጥ ትተዋለች። ማንም አያውቅም። እሷም አታውቅም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እንዲህ ቀላል ነገር አይቼ አላውቅም።

ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ምናልባት ውሾቹ አባረዋት ይሆናል። መንገዳችን ላይ ካለው መጋዘን አጠገብ ያሉት። በውሻ የተባረረ ሰው ሰዓት አይቆጠርም። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

ላብራቶሪ ውስጥ የሁለት በሽተኞች ብልቃጥ ላቀያይር ደረስኩ። አየሁት፣ መለስኩት። ተቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። እንዲህ ሆኜ መሥራት አልችልም። ነገ እነግራታለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ነገርኳት። ሾላው ጋ ቆምን፣ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ የእኔን ከፍቼ ከጎኑ አሳየኋት። ብዙ ቆይታ አየችው።

«ይህ የእሑዱ ነው?»

«አዎ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው።»

«አዎ። ቀንቼ ነው።»

ፊቷን ወደ ጫካው አዞረች። ተራመደች፣ ተመለሰች። ማሎ፣ ምነው፣ አንቺን ነበር የማምነው አለች። ሌላ ነገር ትለኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።  ለምን ሁልጊዜ ከኋላዬ ትሮጫለሽ ብዬ ጠየቅኳት። ለእኔ አዝናልኝ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ፤ ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ።

«ውሾቹን እፈራለሁ» አለች። «አንቺ ከፊት ስትሆኚ አንቺን ነው የሚያዩት።»

ሁለት ዓመት። ለውሻ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። እሷም ሳቀች፣ ግን ትንሽ ብቻ፤ ተኮራርፈን ነው የተመለስነው። ከፊቴ ሮጣ ሄደች። ውሾቹ ጋ ስትደርስ ግን ቆማ ጠበቀችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። ጠዋት

ባጃጅ ተከራየሁ። ሐሳቡ የእኔ ነው። ጫልቱ ሰዓቱን አስራ ትሮጣለች፣ እኔ በባጃጁ ከፊት ከፊት ዱላ ይዤ ውሾቹን አባርራለሁ። ሹፌሩ ሙሽራ እንደሚያጅብ ጡሩምባውን ይነፋል። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አየን። አንዲት አሮጊት ልጅቷን ምን አድርጋችኋት ነው የምታባርሯት ብለው ተቆጡን።

ያው ሰዓት። እንዲያውም ከእሑዱ ትንሽ የተሻለ። ያስሮጣት ውሻ አልነበረም።

ከባጃጁ ላይ ሆኜ ስትሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት አየኋት። ደብተሬ፣ ስትሮጥ ታምራለች። ልገልጸው አልችልም። መቅናቱን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት። ኋላ ግን ተመልሶ መጣ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አሰልጣኙ ጋ ደወልኩ። ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ የራሴን ነገርኩት፤ መንገዱ አጭር ነበር፣ እውነተኛው ሰዓቴ ይህ ነው።  ከዚያ ስለ ጫልቱ ነገርኩት። በምን ለካችሁት አለ። የሰዓቱን ስም ነገርኩት። ድምፁ ተለወጠ። ቅዳሜ ትምጣ አለ።

እኔስ? አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«አንቺ እህቴ፣ ለትራንስፖርት አትክሰሪ» አለኝ። በክፋት አልነበረም። ለዚህ ነው የጎዳኝ።

ጫልቱ እጄን ያዘች። ሳላስበው ነጠቅኳት። ኋላ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ስለ አባቷ አወራን። ቅዳሜ ከማለፉ በፊት ለእሳቸው ምንም አልልም አለች። ከዚያ ደግሞ እላለሁ አለች። ከዚያ አለቀሰች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ነግራቸዋለች። በስልክ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ እግርሽ ኡካን ቢረግጥም ጅማን ቢረግጥም የእኔ ልጅ ነሽ፣ ብቻ ስትሸነፊ አትደብቂኝ አሏት። ይህን በኦሮምኛ እየነገረችኝ ፊቷ በራ።

እኔ ቤቴ ገብቼ የማድቤቱን ጣሪያ ቆሜ አየሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰውነቴ አንድ ቦታ አልቀመጥ አለኝ። ልብስ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ጫልቱ ትናንት ጅማ ገባች። ሰዓቱን ይዘሽ ሂጂ ብያት ነበር፣ እምቢ አለች። የሰው ዕቃ ነው፣ ብጥለውስ አለች። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሮጥኩ። ውሾቹ ሁሉንም ጩኸታቸውን ለእኔ ሰጡኝ።

ከሰዓት ደወለች። ሁለተኛ ወጣች። ለጊዜው ለሙከራ ተቀብለዋታል፣ ምግብና ማደሪያ ይሰጧታል፣ ከዚያ ይታያል። እየጮኸች ነው የምታወራው፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም ተደበላልቆባታል። ዱጋ፣ ዱጋ፣ እውነት ነው ትላለች በየመሀሉ። ጮህኩላት እኔም። ከልቤ ነው። ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ጭር አለ።

ከዚያ መልሳ ደወለች። አንድ ነገር ረስታ። ሰዓቱን እንግዲህ ለጋሼ ነስሩ ትመልሽዋለሽ አይደል፣ ብርሽ ተረፈልሽ አለችኝ። ለእኔ ተጨንቃ ነው። አዎ አልኳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ጋሼ ነስሩ ተመልሰዋል። ከሥራ ስወጣ ሱቃቸው ጎራ አልኩ። ስለ ጫልቱ ከባጃጁ ሹፌር ሰምተዋል፣ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። መረቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰዓቱን ለመቀበል። ክለቡ ካልሆነ እንግዲህ ለአንቺ ምን ያደርጋል፣ አላስቸግርሽም፣ ሌላ ሰው ይገዛዋል አሉ። በደግነት ነው። እማዬም ቅዳሜ ማታ ያንኑ ብላለች። የሥራ ባልደረቦቼም ዛሬ ያንኑ። ሁሉም ተስማምተዋል።

ማሰሪያውን መፍታት ጀመርኩ። እጄ ግን ቆመ።

ክለብ ያልገባ ሰው ስንት እንደሮጠ ማወቅ አይፈቀድለትም እንዴ? ዛሬ ጠዋት ሾላውን አልፌ ብቻዬን አሥር ሮጥኩ። ካስመለሰኝ ቀን ተሻልኩ። በጥቂት። ለአሰልጣኙ ይህ ምንም አይደለም፣ ለማንም ምንም አይደለም። እኔ ግን መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ስለ እግሬ የማውቀው ሁሉ ሰው የነገረኝ ነበር። ይህ መራራ ነበር፣ ግን የራሴ ነው።

«ጋሼ፣ አልመልሰውም» አልኳቸው።

አይተውኝ አይተውኝ፣ ለማን ነው አሉ። ለወንድሜ ወይ ለጫልቱ መስሏቸዋል።

«ለእኔ ነው።»

ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ካርቶኑን ከመሳቢያ አውጥተው፣ አቧራውን በክንዳቸው ጠርገው ሰጡኝ። ነገ ባንክ ሲከፈት ብሩን አወጣለሁ። ቆርቆሮው እስከ በልግ ይቆየናል፣ ለእማዬ ዛሬውኑ እነግራታለሁ፤ ትቆጣ። ማድቤት ውስጥ ሽሮውን እያማሰለች ትሰማኛለች። እየጠራችኝ ነው፤ መጣሁ እማዬ ብያለሁ።