ዘሩ ከእጅ ወጥቷል?

ሰኞ
ጥያቄ ዘጠኝ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። «የዝርያው ዘር ከአመልካቹ እጅ ወጥቶ ያውቃል? ለማን? መቼ?» የቀረውን ቅጽ እየዘፈንኩ ነው የሞላሁት። ስምንት ዓመት በጓሯችን መርጬ መርጬ ያወጣሁት በርበሬ ነው፤ የአዳቃይነት መብቱ ከተሰጠኝ ያለእኔ ፈቃድ ዘሩን አባዝቶ የሚሸጥ አይኖርም። ቀድሞ ተበትኖ ከተገኘ ግን አዲስ ዝርያ አይባልም፤ ልፋቴ ገደል ገባ። በርበሬ ነጋዴዋ እናቴ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ፒያሳ ሱቋ ስትሸጠው ኖራለች!

ማክሰኞ
ጠየቅኳት። ተቆጣች።
«እኔ? ሳልፈጭ አንዲት ዛላ ከእጄ አልወጣችም! ሌላው ነጋዴ ዘሩን እንዳይወስድብሽ ብዬ። ከዱቄት ችግኝ ያበቀለ ካለ አምጪልኝ!»
እኔ ዲግሪ ይዤ ያላሰብኩትን እሷ አስባዋለች። ጥያቄ ዘጠኝ፦ «አልወጣም»።

ረቡዕ
ጉድ ፈላ። በጎረቤታችን በእትዬ አስቴር አጥር በኩል ሳልፍ፣ የእኔ በርበሬ! ስድስት እግር፣ ቀልቶ። በቀጥታ ሱቅ ሄጄ እማ ላይ ጮህኩ፤ ያውም ደንበኛ ፊት። አየችኝና ወደ ደንበኛዋ ዞረች። ከዚያ እትዬ አስቴር ዘንድ ሮጥኩ። ሳቁብኝ።
«ውይ ልጄ፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ የሰጠሽኝ? በዘመን መለወጫችን፣ የፍቼ ዕለት፣ ከበዓሉ ሜዳ ከጉዱማሌ ስንመለስ፣ በመሀረብሽ ቋጥረሽ!»
ትዝ አለኝ። ያን ቀን ምርቱ አምሮልኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እፍረቴን የት ልክተተው?

ሐሙስ
እማን ይቅርታ ጠየቅኩ። «የጮኽሽው ሱቅ ነው፤ ይቅርታውም እዚያው» አለች። ሄጄ ደንበኛ ፊት ደገምኩት። እትዬ አስቴር «ልንቀለው?» አሉኝ። ሰጥቶ መንሳት አልሆንልኝ አለ፤ «ተዉት» አልኳቸው። ጥያቄ ዘጠኝን ሰርዤ ጻፍኩ፦ አንድ እፍኝ፣ ለጎረቤት፣ የፍቼ ዕለት፣ በነጻ። ዝም ማለትም ይቻል ነበር። ግን አጥር ላይ ቀልቶ የሚታየውን ምኑን እደብቀዋለሁ?

ዓርብ
ቅጹን ያስገባሁበት ቢሮ ባለሙያ ጥያቄ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ።
«ዓመት ሞልቶታል?»
«አልሞላውም። የሚቀጥለው ፍቼ ገና ነው።»
«እንግዲያው አያሰናክልሽም፤ ሕጉ እስከ አንድ ዓመት ይፈቅዳል። መጻፍሽ ጥሩ ነው።» ማኅተሙን መታ።
አሁን የቀረው ከሌሎች በርበሬዎች ጎን ተዘርቶ መለየቱ መታየቱ ነው። ይለያል፤ እኔ አውቀዋለሁ። እነሱም ይዩት።
ቤት ስገባ እትዬ አስቴር መሀረቤን መልሰዋል፤ ባዶውን አይመለስም ብለው ቀይ ዛላ ሞልተውበት። እማ ወዲያው ለወፍጮ ብድግ አደረገችው። ለሙከራው የሚሄደውን ዘር እሷ የማታገኝበት ቦታ ደብቄያለሁ።