የሲሳይ ማልያ

ረቡዕ

...መሳቢያው እስከ ግማሽ ተከፍቶ ነበር። ያ ትዝ ይለኛል። የልደት ወረቀቱን ከውስጡ ያወጣው እጅ ግን የእማዬ ይሁን የእኔ ይጠፋብኛል። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። አሁን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱን መጠየቅ እፈራለሁ።

ድሬ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ያስጀመረኝ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ዛሬም ደወለ። የስንብት ጨዋታዬ እሁድ አሥር ሰዓት ነው። "ሲሳይ፣ ቤተሰብህን በሙሉ ይዘህ ና፤ የክብር ወንበር ይዘንላቸዋል።"

እሺ አልኩት። ሲሳይ ሲሉኝ አቤት ማለት ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ።

ስሜ ብርሃኑ ነው። ሲሳይ በአራት ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ለሆነው ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ሲመለመል እኔ አሥራ ዘጠኝ ሞልቶኝ ነበር። በእሱ ወረቀት አሥራ አምስት ሆንኩ። በኋላ እሱ መታወቂያ ሲያወጣ የቀረለት የእኔ ስም ነበር። ሰፈሩ ያውቃል። ሰፈሩ ዝም ይላል።

ጉልበቴ ዛሬ አላበጠም። ይኼም አንድ ነገር ነው።

ሐሙስ

እሁድ በድምፅ ማጉያ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ጻፍ ተብያለሁ። ሞከርኩ።

ሲሳይ ታደሰ። አማካይ። ከዚህ ክለብ ወደ አዲስ አበባ። ሁለት ዋንጫ። ግብፅ አንድ ዓመት ተኩል፣ አብዛኛውን ተቀያሪ ወንበር ላይ። ብሔራዊ ቡድን፤ መዝሙሩ ሲዘመር ሁልጊዜ አፌ ይደርቅ ነበር። አንድ ጎል፣ በግንባር፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ከዚያ ጉልበት። ከዚያ እንደገና ጉልበት።

ደግሜ አነበብኩት። ከመጀመሪያው ቃል በስተቀር ሁሉም እውነት ነው።

ሙቀቱ ሲበርድ ወደ ደቻቱ ወንዝ ወረድኩ። አሸዋው ደረቅ ነው። ሲሳይ እዚህ በግራ እግሩ ሲጫወት ወደ ድልድዩ እያየ ኳሷን ወደ እኔ ይልካት ነበር። ሁልጊዜ እግሬ ላይ። ከእኔ ይበልጥ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

በአሥራ ሰባት ዓመቱ ይኸው ክለብ ለታዳጊ ቡድኑ ሞክሮታል። አሰልጣኙ ወደደው፤ ከዚያ ወረቀት ጠየቀው። በወረቀቱ ሃያ አንድ። "ልጄ፣ አርጅተሃል።" እኔ ወዳለሁበት ካምፕ ደውሎ እየሳቀ ነገረኝ። "በርታ" አልኩት። በርታ!

ዓርብ

ሲሳይ ቤት ሄድኩ፣ ከደቻቱ ማዶ። በሩን የከፈተችልኝ ልጁ ኤደን ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። በእጇ ደብተር ይዛለች። ሽፋኑ ላይ፦ ኤደን ብርሃኑ። አዲስ አበባ ያለው የእኔ ልጅ ናሆም ሲሳይ ነው። ለካ ልጆቻችንንም ተለዋውጠናል።

"አጎቴ፣ አስተማሪያችን አባባን ለምንድነው ብርሃኑ የምትለው?"

"አባትሽን ጠይቂው።"

"ጠየቅኩት። አጎትሽን ጠይቂ አለኝ።"

ሲሳይ ከባጃጁ ሥር ወጣ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ኧረ ኮከቡ! ጥላ ውስጥ ግባ አቦ፣ የድሬ ፀሐይ ለአዲስ አበባ ሰው አይሆንም።" ኮከቡ ነው የሚለኝ። በስሜ ከጠራኝ ስንት ዓመት ሆነው?

እሁድ አብረኸኝ ውጣ አልኩት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በእኔ ቦታ አንተ ተጫወት።

ሳቀ። "እኔ እኮ በወረቀት ሠላሳ አምስት ነኝ። ልጁ አንተ ነህ።"

ተመልሶ ከባጃጁ ሥር ገባ። እግሮቹን እያየሁ ቆምኩ። የግራውን።

ቅዳሜ

ጉልበቴ አብጧል።

ለነገ፦ ታኬታ። ፋሻ። የብሔራዊ ቡድኑ ማልያ፣ ጀርባው ላይ ሲሳይ የሚለው። የልደት ወረቀቱ፣ በላስቲክ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል መስታወት ፊት ሞከርኩት። ከሽንፈት በኋላ ለጋዜጠኛ የምሰጠው መልስ ይመስላል። ተውኩት።

እሁድ

ኤደንና እናቷ መጡ። በመካከላቸው አንድ የክብር ወንበር ባዶ ነበር።

"ሲሳይ ታደሰ!" አለ ማጉያው። ሕዝቡ ተነሣ። እኔ መውጫው ላይ ቆምኩ። ወንድሜ እዚህ የሆነ ቦታ ካለ፣ ይኼ ጭብጨባ ለትንሽ ጊዜ የእሱ ይሁን ብዬ። አንዱ ከኋላ ገፋኝ፤ "ውጣ እንጂ አቦ፣ አንተን እኮ ነው!"

ሃያ ደቂቃ ተጫወትኩ። አንድም ኳስ አላበላሸሁም። ማንም ወደ ድልድይ እያየ አላቀበለኝም።

ስወጣ ሲሳይ በሩ ላይ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጧል። ጨዋታ ባለ ቁጥር እዚያ ተሳፋሪ ይጠብቃል።

"ሰማኸው?" አልኩት።

"ከዚህም ይሰማል። ሁሌም ከዚህ ነው የምሰማው።"

ሦስታችንንም ጫነን። ድልድዩን ስንሻገር ኤደን ብቻ ነበረች የምታወራው። ቤት ስንደርስ ከእናቷ ጋር ገባች። እኔና እሱ ደጅ ቀረን።

ማልያውንና ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። "ከመሳቢያው ወስጄብህ..." አልኩ።

"ወስጄብህ?" ወረቀቱን አላየውም። እኔን ነው ያየው። "እኔ እኮ ነኝ ያወጣሁልህ። እማዬ ገበያ ሄዳ ነበር። 'ቡድኑ ውስጥ ግባና ተመልሰህ እኔንም ውሰደኝ' አልኩህ። 'እሺ' አልከኝ።"

መሳቢያው። ትንሽ እጅ። ጥፍሩ ሥር የደቻቱ አሸዋ።

"እሱን ረሳኸው፣ ብርሃኑ?"

ማልያውን አጣጥፎ ትከሻዬ ላይ አኖረው፣ ቀስ አድርጎ። ወረቀቱን ይዞ ገባ።

በሩ ተዘጋ።