የለቅሶው ካራቫንና በክቡር ሊቀ መንበራችን ኪስ ያለው ቁልፍ

ለተከበሩ አቶ አጵሎስ፣
የእድራችን ሊቀ መንበር፣ የካራቫን ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የመጸዳጃ ሳጥን ቁልፍ ብቸኛ ጠባቂ፤
ሜይፌር፣ ጆሃንስበርግ።

ክቡር ሊቀ መንበራችን፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ የፎርድስበርጉ መጋዘንዎ፣ አዲሱ መኪናዎ ሁሉም ደህና ናቸው? ከሁሉ በላይ ግን ሆድዎ እንዴት ነው? የበሉት እንዲስማማዎት፣ የጠጡት እንዲወርድልዎት፣ በፈለጉት ሰዓት ገብተው እፎይ ብለው እንዲወጡ ከልቤ እጸልያለሁ። ይህ ምርቃት ለሌላ ሰው ቢሆን ነውር ይመስል ነበር፤ ለእርስዎ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

እኔ በለጥሽ ነኝ፤ ዛንድስፕሩት ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያለኝ፣ ታላቅ ወንድሜ ማናሴ በደረት ሕመም የሞተብኝ የእድሩ አባል። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በስልክ ስፈልግዎ አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ምናልባት ሰው ሁሉ ያነበበው ነገር ስብሰባው ድረስ ይገባ ይሆናል ብዬ ነው። ይገባል ብዬ ግን ተስፋ አላደርግም።

በቅድሚያ ስለ ካራቫኑ ላመሰግንዎ ይገባኛል፤ ይህ ምስጋና ሽሙጥ የለበትም። ሱቅ ውስጥ ማደር ከተከለከለ ወዲህ አብዛኞቻችን በየሰው ግቢ አንድ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተን ስለምንኖር፣ ሰው ሲሞትብን ለቅሶ የሚደርሰንን የምናስቀምጥበት አጥተን ነበር። እድሩ አሮጌ ካራቫን፣ ያንን በመኪና የሚጎተት ባለ ጎማ ቤት፣ ገዝቶ፣ ሐዘን ወደገባበት ግቢ እየተጎተተ የሚቆም የለቅሶ ቤት ሲያደርግልን አጨብጭበናል። አግዳሚው ይደላል፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ከጀርባው ደግሞ የራሱ መጸዳጃ አለው። እኔም ማናሴ ሲሞት፣ እናቴ ቢያንስ የምትቀመጥበት አላጣችም ብዬ አምላኬን አመስግኛለሁ። አይ የኔ ነገር!

እናቴን ወይዘሮ የአለምወርቅን አንዴ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው አይተዋታል፤ ምናልባት ረስተዋት ይሆናል። ማናሴ ሲታመም ልታስታምመው ከሆሳዕና የመጣች፣ ጉልበቷ የማይታዘዝላት ሴት ናት። ልጇን ማዳን ስላልቻለች የቀረላት አንድ ነገር ነበር፤ አስከሬኑ የሚወጣበት ወረቀት እስኪያልቅ ጠብቃ፣ አብራው በአንድ አውሮፕላን ተሳፍራ፣ በአገሩ አፈር ማልበስ። እስከዚያ ድረስ የምትቀመጠውም የምታድረውም እኔ በተከራየሁበት፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ማለትም አያቴ በሚላት በኖምሳ ግቢ በቆመው ካራቫናችን ውስጥ ነበር። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ፤ እርስዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነቡ አውቃለሁ።

አንደኛ፦ ስለ አመዱ። በመጸዳጃው በር ላይ በፕላስቲክ አሽገው የለጠፉት ማስታወቂያ፣ ውሃ መልቀቅ ፈጽሞ ክልክል መሆኑንና ማንኛውም ተጠቃሚ ሲጨርስ አንድ ጭልፋ አመድ እንዲጨምር ያዛል። ለኮሚቴው እንዳስረዱት፣ በአባትዎ ግቢ የነበረው ጉድጓድ በዚህ ዘዴ ስንት ዘመን ሳይሸትና ሳይሞላ አገልግሏል። እውነት ነው፣ የእኛም ቤት እንደዚያው ነበር። አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያንን አመድ ያውቀዋል። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ ጉድጓዱ ሥር መሬት ነበረ፤ መሬት ደግሞ ይመጥጣል። ከካራቫኑ መቀመጫ ሥር ያለችው እኮ የሻንጣ ያህል የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ውሃ ተነፍጋ አመድ ስትጎርስ ከረመችና ውስጧ ያለው እንደ ተቦካ ሲሚንቶ ወፈረ። ይህን ያወቅሁት እኔ አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ ነገሩ ሲብስብኝ ስልኬ ላይ ፈልጌ፣ አንድ ቁምጣ የለበሱ ሽማግሌ ፈረንጅ እየሳቁ ሲያስረዱ አይቼ ነው። እርሳቸው እንዳሉት መጀመሪያ ውሃ ይደረጋል፣ ከዚያ ሰገራውን የሚያሟሟ ሰማያዊ መድኃኒት ይጨመራል፣ በየጊዜውም ይደፋል። በቃ። ሰማያዊው መድኃኒት ከካራቫኑ ጋር ተገዝቶ እንደነበር፣ ዛሬም ሳይከፈት በመጋዘንዎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንደሚያምር ሰምቻለሁ።

ከፎርድስበርግ ሾርባ ይዛ ለቅሶ የደረሰችን ወይዘሮ መሪማ፣ ለመታጠቢያ ውሃዋን በኮዳ ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ ማስታወቂያዎን አንብባ፣ የኮሚቴ ሕግ አልጥስም ብላ ሳትገባ ወደ ፎርድስበርግ እንደተመለሰችም በዚሁ ላሳውቅዎ። ሕግ አክባሪነቷ በቃለ ጉባኤ ይያዝላት።

ሁለተኛ፦ ስለ ቀዩ መብራት። ከመቀመጫው አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ቀይ ስትሆን ደንግጬ ደወልኩልዎ። መብራቱ የኤሌክትሪክ መኖርን የሚያመለክት መልካም ምልክት መሆኑን፣ መብራት በሚጠፋበት አገር መብራት ስለበራ ማማረር ምስጋና ቢስነት መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። ለትምህርቱ እግዜር ይስጥልኝ። መብራቱ ሳጥኑ ሞልቷልና ድፉት ማለቱ ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለ ቁልፉ። ሳጥኗ የምትወጣው ከካራቫኑ ውጭ ባለች ትንሽ በር ነው። ያችን በር ቆልፈው ቁልፉን ሜይፌር ወስደውታል፤ ምክንያቱም፣ እርስዎ እንዳሉት፣ ንብረቱ ሊሰረቅ ይችላል። በዚህ ሰፈር ሽቦም ሲሰረቅ አይቻለሁ፣ የውሃ ቆጣሪም ሲሰረቅ አይቻለሁ፤ የለቀስተኛ ሰገራ የሚሰርቅ ሌባ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ካጋጠመኝ አቅፈዋለሁ፣ አጎንብሼ ጫማውን እስማለሁ፤ ስሙንም ለፖሊስ አልናገርም። ቁልፉን እንዲልኩልኝ ስለምንዎ ኮሚቴው ይሰብሰብ አሉ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተባለ። ምልዓተ ጉባኤ ሲሞላ እርስዎ ደርባን ሰርግ ሄደው ነበር፤ ቁልፉም አብሮዎት ሰርግ ሄዷል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ፤ እኔ የምወቅጠው ውሃ እንኳ ተከልክሎብኛል።

አራተኛው ቁጥር የእናቴ ነው፤ ይህን እባክዎን ቀስ ብለው ያንብቡት።

እንደሚያውቁት መጸዳጃው ከለቀስተኛው መቀመጫ የሚለየው በአንዲት ስስ በር ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሽታው ወጥቶ ሰው ሁሉ ላይ ይቀመጣል። ሰዉ ጨዋ ነው፤ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ስቦ የሚያለቅስ ይመስላል። እናቴ ግን ልጇን ያጣች እንጂ ዓይኗን ያጣች አይደለችም። በልጄ ለቅሶ ላይ ሰው አፍንጫውን የሚይዘው በእኔ ምክንያት ነው ብላ አመነች። የሰፈሩ የጋራ መጸዳጃ ከታክሲ መንገዱ ማዶ ነው፣ ብዙ ጊዜም ተቆልፎ ነው የሚገኘው፣ ያ ጉልበት አያደርሳትም። ደግፌ ልውሰድሽ ስላት፣ ሱቅሽን ዘግተሽ እኔን ሽንት ቤት ልታመላልሺ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ስለዚህ ለማንም ሳትናገር በራሷ መላ ዘየደች። መብላት ቀነሰች። መጠጣት ተወች።

እኔ ሞኟ አላወቅሁም። ጠዋት ሻይ እሰጣታለሁ፣ ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ሾርባውን አቀርባለሁ፣ ሳህኑ ባዶ ይመለሳል። እሰይ፣ ሐዘኑ እየቀለላት ነው እል ነበር። ነገሩን ያወጣችው ባለ ግቢዋ ጎጎ ኖምሳ ናት። ከካራቫኑ መስኮት ሥር የተከለችውን ስፒናች ጉንዳን ወረረባት፤ ጎንበስ ብላ ብታሸተው ቅጠሉ ስኳር ስኳር ይላል። ጎጎ ኖምሳ አማርኛ አታውቅም፣ እናቴም ዙሉ አታውቅም፤ ግን ሁለት አሮጊቶች ናቸው። መስኮቱን ቀና ብላ አየችና ሱቁ ድረስ መጥታ እጄን ያዘች፤ ሲሲ፣ እህቴ፣ እናትሽ የሰጠሻትን በመስኮት ትደፋለች፣ ውሃ አትጠጣም፣ ይህቺ ሴትዮ ልትሞት ነው አለችኝ። ወይ ነዶ! እኔ ልጇ በየቀኑ ብርጭቆ እያጠብኩ ያላየሁትን ጉንዳን አየው።

አምስተኛ፦ በዚያው ቀን ቁልፉ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከሰርግ ሲመለሱ በሾፌርዎ ላኩልኝ፤ እንደተጠቀምኩ ወዲያው እንድመልስም አደራ አሉኝ። ትንሿን በር ከፈትን፤ ሳጥኗ ግን አልወጣ አለች። የላይኛው ተንሸራታች መዝጊያ ካልተዘጋ እንዳትወጣ ተደርጋ የተሠራች ናት፣ መዝጊያውን ደግሞ አመድ ነክሶ ይዞታል። የአጎቴ ልጅ ቲቶ እልህ ይዞት ሳጥኗን በጉልበት ሲስባት ጎሚኒው፣ ማሸጊያው ላስቲክ፣ ተቀደደ። ከዚያ የሆነውን በጽሑፍ ማስፈር ለእድሩ ክብር ስለማይመጥን እተወዋለሁ። ብቻ የእናቴ ፍራሽ፣ የለቅሶው ምንጣፍና የማናሴ ፎቶ እዚያው ካራቫኑ ውስጥ ወለል ላይ ነበሩ። ፎቶውን አጥቤዋለሁ፤ ፊቱ ለቋል።

በዚያው ቀን እናቴ ልትነሳ ስትል ወደቀች። መሪማ በመኪናዋ ሆስፒታል አደረሰችን። ሐኪሟ፣ ኩላሊቶቿ በውሃ ጥም ተጎድተዋል፣ ምን ያህል እንደሚመለሱ አላውቅም፣ አውሮፕላን ግን የማይታሰብ ነው አለችኝ። አሮጊቷ ውሃ በሌለበት በረሃ ነበረች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ ለቅሶ ላይ ነበረች አልኳት። ሐኪሟ የምቀልድባት ነው የመሰላት።

የማናሴ ወረቀት አለቀ። አስከሬኑ ሐሙስ ዕለት ሄደ። አብሮት የሄደው ቲቶ ነው። እናቴ ልጇን አፈር ለማልበስ ይህን ያህል ጠብቃ፣ ልጇ ሲሄድ ክንዷ ላይ መርፌ ተተክሎ አልጋ ላይ ነበረች። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ የወንድሜ ሞት ከእግዚአብሔር ነው ብዬ ተቀብያለሁ፣ ይህ ግን ከማን ነው ልበል?

ክቡር ሊቀ መንበራችን፤ የምጠይቅዎ ነገር የለም። ጎሚኒው እንዲቀየር፣ ውሃ እንዲፈቀድ፣ ቁልፉ ሐዘንተኛው ቤት እንዲቀመጥ ብጠይቅ፣ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እንደሚቋቋም፣ ኮሚቴውንም እርስዎ እንደሚመሩት አውቃለሁ። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤም እጃችንን አውጥተን መልሰን እንመርጥዎታለን፤ ሌላ እጩ የለንማ። እኔም እጄን አወጣለሁ፤ ቀድሞም የታወቀ ነገር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይወቁልኝ። እናቴ እዚያ ሆስፒታል አልጋዋ ላይ፣ ውሃ በስትሮ አፏ ድረስ ሲቀርብላት ከንፈሯን ትገጥማለች። ነርሶቹ ግራ ገብቷቸው እኔን ጠሩኝ። ጆሮዬን አስጠግቼ ብሰማት፣ የዚህ ቤት መጸዳጃ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ትላለች። እማዬ፣ እዚህ ቁልፍ የለም፣ ክፍት ነው፣ ውሃም አለው እላታለሁ። አታምነኝም። ቁልፍ የሌለው ቤት የለም ትለኛለች።

ከፍ ባለ አክብሮት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሽታውን ሳሙና ባላስለቀቀው እጅ፣
ለጤናዎና ለሥልጣንዎ ረጅም ዘመን እየተመኘሁ፣
ዘወትር ታዛዥዎ
በለጥሽ፣ የማናሴ እህት
ዛንድስፕሩት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከስንት ጊዜ በኋላ እርስዎ ራስዎ ስለደወሉልኝ እጅግ ተከብሬያለሁ። ካራቫኑ ታጥቦ፣ ምንጣፍ ተቀይሮለት፣ አመድም ተሞልቶለት፣ ለማንኛውም ተብሎ ሆስፒታሉ አጠገብ ባለ አባል ግቢ እንደቆመ ነገሩኝ። እናቴ በሕይወት አለች፤ ለማንኛውም የተባለው ምን እንደሆነ ግን ገብቶኛል። እባክዎን ያስነሱት። ለማንኛውም ያሉት ቀን ከመጣ ከጎጎ ኖምሳ ስፒናች አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠን እናለቅሳለን። ቁልፉን በሾፌርዎ እጅ መልሼልዎታለሁ፤ መድረሱን ያረጋግጡልኝ።