በኤግዚቢትነት ስለተያዘው የቀብር ገመዳችን

ለተከበሩ የአነፍናፊ ውሻ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባልደረቦችዎስ ደህና ናቸው? ከሁሉም በላይ ውሻው እንዴት ነው? እኛ በአንኮበር አፋፍ ላይ የምንኖር የአንድ እድር አባላት፣ ከአንዱ በቀር፣ ደህና ነን። ስለ አንዱ ወደ ታች እመለሳለሁ።

በጥቅምት ወር የመስኖ ማኅበራችን የውሃ ሞተር ሲሰረቅ ከደብረ ብርሃን ድረስ ውሻና ያዥ ስለላኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሞተሩ በየት እንደሄደ ለማወቅ እንኳ ብዙ ድካም አልነበረውም፤ በገደሉ አፍ ካለው የወይራ ግንድ ጋር የታሰረ ወፍራም ገመድ ወደ ቆላው ተንጠልጥሎ ተገኝቷል። ገመዱ የእድራችን ነው፤ ሬሳ ወደ መቃብር የምናወርድበት። የእድሩ ቤት ቁልፍ ኖሮት አያውቅም፤ የቀብር ዕቃ የሚነካ ሌባ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ለቅሬታ ሳይሆን መዝገብዎ እንዳይጎድል ያህል የሚከተለውን በአክብሮት አመለክታለሁ።

፩. ውሻው ገመዱን እንዳሸተተ ከገደሉ ጎን ባለው የእግር መንገድ ቁልቁል ሄደ። ያዡ ሳጅን ቴዎፍሎስ መለሱት። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ መለሱት። በሦስተኛው ቁልቁል እየጮኸ ሲጎትታቸው ማሰሪያውን ሰብስበው፣ አንድ ጊዜ ቁልቁለቱን፣ አንድ ጊዜ ጫማቸውን አይተው፣ «በዚህ ሰው አይወርድም» አሉ። በየቅዳሜው ወደ ገበያ የምንወርድበት መንገድ መሆኑን፣ በሥራቸው ጣልቃ ላለመግባት ስንል፣ ሳንነግራቸው ቀረን።

፪. ገመዱን ዳግመኛ ቢያስሸትቱት ውሻው የቀረውን ጠረን ተከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገባና ከሰባት ቀን በፊት በዚያው ገመድ ባወረድናቸው በእማሆይ አስካለማርያም መቃብር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ በአቶ ወልደኪዳን ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። አቶ ወልደኪዳን የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ የእድራችን ንብረት ጠባቂ ናቸው፤ ከየቀብሩ በኋላ ገመዱን ከጭቃ አጥበው፣ በዚያው ደጃፍ አስጥተው የሚጠቀልሉት እርሳቸው ናቸው። ሳጅኑ «ውሻ አይዋሽም» ብለው ሽማግሌውን ወሰዱ። እውነታቸውን ነው፤ ውሻው አንድም ነገር አልዋሸም። በአያቶቻችን ዘመን መድኃኒት ጠጥቶ የሚንገዳገድ፣ ሌባ ሻይ የሚሉት ሌባ ፈላጊ ልጅ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ቀረ ብለን ነበር።

፫. የመርማሪዎ ትጋትም ሊመሰገን ይገባዋል። የእማሆይን ልጅ ራሔልን «ሟች ከሞተሩ ጋር ምን ግንኙነት ነበራቸው?» ብለው ጠየቋት። «ጩኸቱ እንቅልፍ ነሣኝ ትል ነበር» አለች። ቃሏ ተመዝግቧል።

፬. ውሻው ለሁለተኛ ዙር እንደሚመለስ ከተነገረን ወዲህ ወንዶቹ እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ አድርገው ይሄዳሉ፤ ያንን ገመድ ያልያዘ እጅ የለምና። ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ፍቅርተማርያምን ስንቀብር የእኛው እናንተ ዘንድ ስላለ ገመድ ከአጎራባች ደብር ተውሰን ነበር። ካህኑ ፍትሐቱን ጨርሰው «ኧረ ያዙ እንጂ፣ እናንተ ሰዎች!» ቢሉ ከአርባ ወንድ የተዘረጋ እጅ አልነበረም። ሳጥኑ በጉድጓዱ አፍ ላይ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ካህኑና እኔ አወረድናቸው። አንደኛው ጫፍ ቀድሞ ወደቀ። ድምፁን ሁላችንም ሰምተናል።

አቶ ወልደኪዳን ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀናቸው ነው፤ ለምርመራ የተጠየቀባቸው ሁለተኛው የአሥራ አራት ቀን ቀጠሮ ሊያልቅ ነው፤ ሦስተኛ እንደሚጠየቅም ሰምቻለሁ። ስለ ሲሚንቶው ወለልና ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ አላማርርም፤ ለሁሉም እኩል ነው። እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ሲያስሉ መሐረባቸውን ከጉልበታቸው ሥር ደበቁ፤ ደም ነበረበት። «ገመዱን አሰጡት ወይ? እርጥቡን ከጠቀለሉት እኮ ይበሰብሳል» ብቻ አሉኝ።

ስለዚህ ሽማግሌው በዋስ ወጥተው እንዲታከሙ፣ ውሻውም ሦስት ጊዜ ባሳየው መንገድ አንድ ጊዜ እንዲወርድ እንዲፈቀድለት እለምናለሁ። ዋስ የምሆነው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላገኘሁም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለውሻው ሙሉ ጤና፣ ለሳጅን ቴዎፍሎስም ቁልቁለት የሚችል ጫማ እየተመኘሁ፣ ያንኑ ገመድ ደጋግሞ በያዘው እጄ በታላቅ አክብሮት ፈርሜያለሁ።

ኃይለ ገብርኤል ሰይፈሥላሴ
የእድሩ ጸሐፊ፣ አንኮበር

ማስታወሻ፦ ሽማግሌውን መልቀቅ ለጊዜው የማይመች ከሆነ ገመዱን አስቀድመው ይላኩልን፤ በቅርቡ ሳያስፈልገን አይቀርም። እርሳቸው ድሮም ቀላል ሰው ነበሩ፣ አሁንማ ከስተዋል፤ ለማውረድ አራት ሰው ይበቃል። እኛ ዘንድ የሚይዝ ስለጠፋ አራቱ ከእናንተ ቢመጡ ደስ ይለናል። ገመዱ የተያዘ ዕለት ባልደረቦችዎ በባዶ እጃቸው ሲቀባበሉት አይቻለሁና ውሻውም በጠረናቸው ያውቃቸዋል።