ከሬዲዮ ጋር የሚወርድ ጠፋ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? እትዬስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ወገብህንስ ተሻለህ ወይ? እኔ ይሄ አልለቅ ካለኝ ሳል በቀር ደህና ነኝ። በማዕድን ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነህ እንደተሾምክ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ! ወሬውን ከአንተ ሳይሆን እዚያና እዚህ ከሚመላለሰው ሾፌር መስማቴ ግን ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል፤ አልዋሽህም።

ባለፈው ደብዳቤዬ ስለ አዲሱ የደመወዝ ደንብ አጫውቼህ ነበር። ደንቡ ሥራ የሚጀምረው በር ላይ ራሳችን ላይ የምናስረውን መብራት ስንረከብ ነው ይላል። ድርጅታችሁ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ወርደን ድንጋዩ ፊት እስክንቆም ያለውን ሰዓት እንደ ሽርሽር ይቆጥረዋል። ይህን ለመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚናገሩልንን ተወካዮች በበያጁ ቤት ልንመርጥ እንዳሰብንም ጽፌልሃለሁ። ያልጻፍኩልህ የሆነውን ነው። ስንደርስ ፎርማኑ ከነጥበቃዎቹ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ምነው ዘገያችሁ ብሎ ቀለደብን። በያጁ በማግስቱ ተባረረ።

ሰዉ ሁሉ ጣቱን ሬዲዮ ላይ ቀሰረ። ሬዲዮ አብሮኝ የሚቆፍረው ሰው ነው፤ ስሙን ያወጣለት የማያርፈው አፉ ነው። አሁን አብሮት የሚወርድ ጠፋ። እዚህ ደግሞ ብቻውን የሚወርድ የለም፤ ጥንድ ያላገኘ ከበር ይመለሳል፣ የቀኑም ሒሳብ ይቀርበታል። በየጠዋቱ መብራቱን ታቅፎ የሁላችንንም ፊት ሲያይ አንጀቴን ይበላኛል። እኔ አብሬው ልውረድ ብል፣ አንተም ያው ነህ፣ ከእሱ ጋር ከወረድክ ምርጫውን እርሳው አሉኝ።

የሚገርመው፣ ሬዲዮ ቀጠሮውን አያውቅም ነበር። አፉን ስለምናውቀው ሆን ብለን ደብቀነዋል። ጓደኞቼ እኔ ሹክ ያልኩት ይመስላቸዋል። ማልኩላቸው፤ ማን ሊያምነኝ! ከእኔና ከበያጁ በቀር ሌላው የሰማው በቀጠሮው ዕለት፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ፣ መሰርሰሪያው እየጮኸ፣ አንዱ በሌላው ጆሮ ነው። ከዚያ እስከ ቀጠሮው ሰዓት ሁሉም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ነው የዋለው፤ ተለይቶ ሄዶ የተናገረ የለም። እኔም ታዲያ ለማን ተናገርኩ እያልኩ ራሴን ስመረምር ሰነበትኩ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።

ለማንኛውም ተስፋ አልቆረጥንም። ምርጫው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአሮጌው የመብራት መጠገኛ ክፍል ጀርባ ይሆናል። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፣ አሁን ደግሞ አንተ። ለሌሎቹ የምነግረው እዚያው ዕለት ነው። ቀደም ብዬ ሄጄ ብቻዬን አየዋለሁ።

አባታችን ሲሞት ትምህርትህን ትተህ ያሳደግኸኝን አልረሳሁም። ፈጣሪ ቤትህን ይባርክልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። እሑድ ስደርስ ቦታውን ባዶ እንዳገኘው ጸልይልኝ፤ ከልብህ ጸልይልኝ።

ከአንተ በቀር አባት የማያውቀው
ታናሽ ወንድምህ