ባዶው ካታንጋ

ረቡዕ፣ የካቲት 5። ማታ 1 ሰዓት ተኩል

ካልሲዬ ሂተሩ ላይ ነው። እግሬ ገና አልሞቀም። ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን።

መሸነፉስ ግድ የለም፣ ማስታወሻዬ፣ ኳስ ነው። የከፋኝ ካታንጋ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሜዳ ዳር ያለችውን ቆርቆሮ ለበስ ትንሽ ትሪቡን «ካታንጋ» ያልናት እኛ ሐበሾቹ ነን፣ በዚያ ጩኸት በማይጠፋበት የአዲስ አበባ ስታዲየም ጥግ ስም። ፈረንጆቹም ለምደው ካታንጋ ይሏታል። ካቻምና ረቡዕ ረቡዕ መቀመጫ አይገኝባትም ነበር። ከበሮ፣ እልልታ፣ ዳኛውን በአማርኛ መሳደብ። ተጋጣሚዎቹ ጨዋታቸውን ትተው እኛን በስልክ ይቀርጹ ነበር። ዛሬ ስንት ሰው መጣ? አንዱ የተጋጣሚዎቹ ሹፌር። አንዱ ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ ሰውዬ። ሁለት ሦስት ተማሪ። እና እኔ፣ በአንድ እጄ ጃንጥላ ስለያዝኩ ማጨብጨብ አቅቶኝ ጭኔን የምመታ።

ሕሊና፣ ልጄ፣ የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ቡድን ዘጠኝ ቁጥር። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ልብስ መቀየሪያው ከመግባቷ በፊት ቀና ብላ ካታንጋን ስታይ በዓይኔ ጥግ አየኋት። እኔ ባለውሻውን ለሚቀጥለውም እንዲመጣ እየለመንኩት ነበር።

ባስ ላይ ነገረችኝ። አሰልጣኟ በሚመጣው ዓመት ማን እንደሚቀጥል ማወቅ ትፈልጋለች። መልሱ እስከ መጨረሻው ጨዋታ። አንቺስ? አልኳት። አላውቅም አለች፣ ትከሻዋን ሰብቃ።

«አላውቅም» ማለት ምን ማለት ነው? አባቷ የሞተ ዓመት ከሰው ጋር መነጋገር ትታ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ቀኑን ሙሉ ከፎቁ ግድግዳ ጋር ኳስ ስትለጋ ትውል ነበር። ጎረቤት እስከ ካውንስል፣ እስከ ሰፈሩ አስተዳደር ከሶናል። ያቺ ኳስ ናት ልጄን የመለሰችልኝ። ብትተዋትስ? ሰው ስለማይመጣ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ፈርቻለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ከሥራ መልስ

ስልክ ስደውል ዋልኩ።

መጀመሪያ ጋሽ ተኽለ። ከከተማው ሰሜን፣ አርችዌይ ነው የሚኖሩት፣ የካታንጋ ከበሮ መቺ እሳቸው ነበሩ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ሰው ናቸው፣ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እሺ። ዋናው ነገር ግን ላይቭ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ተማሪ ካሜራ እንጨት ላይ ሰቅሎ ጨዋታውን በስልክ ያስተላልፋል። ሶፋቸው ላይ ሆነው፣ ሻያቸውን ይዘው፣ ከእኔ የተሻለ እንደሚያዩ ነገሩኝ። ትናንት ያደረግኩት ሻርፕ እንዳማረብኝም ጨመሩ። ሊያስደስቱኝ ነው። ልቤ ቆሰለ።

ቀጥሎ ዘውዴ፣ በደቡብ በኩል ስቶክዌል ያለችው፣ የልጄ ክርስትና እናት። ሁለት ባስ መቀየሩ፣ ብርዱ፣ የመጸዳጃው ርቀት፣ ቂጥ የሚያደርቀው ወንበር። ሁሉም እውነት ነው፣ ምን ይባላል። «ሙሉዬ፣ ላይቭ እያለ አንቺስ ለምን ትንከራተቻለሽ?» አለችኝ።

ይኸው ሕዝብ ለቅሶ ሲሆን ማን ይጠራዋል? በበረዶ፣ በባቡር አድማ፣ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ይመጣል። ለሞተ እንዲያ የሆነ ሰው ለሮጠች ልጅ ምነው ሰነፈ? ተናድጄ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ለሳምንት የሚበቃ ሽንኩርት።

እሑድ፣ የካቲት 9

ከቅዳሴ በኋላ ቤ/ክ ግቢ ውስጥ ሰው ስለምን ቆየሁ። ወጣቶቹ ይስቃሉ። አንዱ እዚያ ሜዳ ላይ ኔትወርክ እንኳ እንደማይሠራ ነገረኝ፣ ይሄ ትልቅ በደል እንደሆነ ሁሉ። ሌላው ሦስት ጨዋታ በአንድ ስልክ አሳየኝ፤ ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፣ የትኛውንም አያይም። ከስብከት በኋላ ማስታወቂያ ላይ ይንገሩልኝ ብዬ ቄሱን ጠየቅኳቸው። ለኳስ? አሉኝ። ለልጅ፣ አባቴ፣ አልኳቸው። ፈገግ ብለው ባረኩኝ፣ አልተናገሩም።

ሕሊና የኳስ ቦርሳዋን ከረቡዕ ወዲህ አልከፈተችውም። አልጋዋ ሥር ነው። ቤት ስጠርግ በመጥረጊያው ነካ አደረግኩት፣ መልሼ ተውኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የውጪ ጨዋታ። ሺፍቴን ስዋፕ አድርጎ ተራዬን የሚሠራልኝ አጣሁ። በምሠራበት የአረጋውያን ኬር ሆም የአንሶላ ክፍል ውስጥ ተደብቄ በስልክ አየሁ። ልጆቹ ጉንዳን ያክላሉ። ዘጠኝ ቁጥር ወደቀች መሰለኝ። ምስሉ ቆመ። ነጭ ክብ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። ደወልኩ፣ አይነሳም። ሜዳ ላይ ሆና እንዴት ታንሳ፣ አይ የኔ ነገር! ምስሉ ሲመለስ ዕረፍት ሆኗል፣ ማንም የለም፣ ሣር ብቻ።

ማታ ስትገባ ቁርጭምጭሚቷን አገላብጬ አየሁ። ደህና ናት። የወደቀችው ሌላ ልጅ ናት። ጋሽ ተኽለ «የተሻለ» የሚሉት ይሄን ነው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

አገኘሁት! ጠሪ አክባሪ ነው። ሐበሻ ሐበሻን በባዶ እጁ አይጠራም፣ ይህን ረስቼ ነው ስለምን የከረምኩት። ከካታንጋ ጎን ተማሪዎቹ ሻይ የሚጠጡባት አዳራሽ አለች። ጠየቅኩ፣ ፈቀዱ። የፊታችን ረቡዕ ምሳ እጋብዛለሁ። ሁዳዴ ገብቷልና የጾም፤ ምስር፣ ጎመን፣ ስንግ ቃሪያ፣ ተልባ።

ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ በ8 ሰዓት ጨዋታ፣ ቀጥሎ ምሳ። ሁሉም እሺ አለ! ጋሽ ተኽለ ከበሮውን ይዘው ይመጣሉ። ዘውዴ ድፎ ልጋግር አለች። ሕሊና ብቻ ፊቷን አጠቆረች። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሰው አታስቸግሪ፣ ኢትስ ፋይን» አለችኝ። ፋይንማ አይደለም። ተይኝ አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ሥራ ላይ ናት።

ደስ ብሎኛል። ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ ምስር ስለቅም አንጎራጎርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26። ማታ 2 ሰዓት

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

በሁዳዴ ሰው እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። ይህን እኔ፣ የቄስ የልጅ ልጅ፣ ረሳሁት! ጨዋታው በ8 ይጀመራል፣ እህል በ9 ይቀመሳል። ሁሉም አስልቶ ለ9 መጣ። ማን ይፈርድበታል? በባዶ ሆድ ብርድ ላይ ቁም ማለትስ ምን ዓይነት ክርስቲያንነት ነው?

በ8 ሰዓት ካታንጋ ላይ የእኔ ቦርሳ ብቻ። እኔስ? ግቢው በር ላይ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ። ሁለተኛው ፌርማታ ውረዱ። አይ፣ በመቃብሩ በኩል አይደለም። አዎ ጋሽ ተኽለ፣ ደረጃ አለው፣ ግን ትንሽ ነው። ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ።

መጡ፣ ስንት ሰው! ልቤ ዘለለ። ግን በቀጥታ ወደ አዳራሹ። ሙቀት አለ፣ ወንበር አለ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ፣ ስክሪኑ ላይ ላይቭ አለ። ከመስኮቱ ማዶ ልጆቹ በአካል ይጫወታሉ፤ የእኛ ሰዎች ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው እነዚያኑ ልጆች በስክሪን ያያሉ። ጋሽ ተኽለ ከበሮውን እዚያው መቱት። እንዴት ያምራል! መስታወቱ ድርብ ነው፣ አንድ ምት ወደ ሜዳ አልወጣም። ኑ ውጪ እንቀመጥ ብል ማን ይሰማኛል፣ ጎመን ጉንጫቸው ሙሉ። እኔም ጭልፋዬን ያዝኩ። ጨምሩ፣ ብሉ እንጂ፣ በሞቴ።

ድንገት አዳራሹ ተናወጠ። ጎል! ዘውዴ እልል ብላ አቀፈችኝ፣ ምስሩ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ስክሪኑን ልይ ብል ሰው ቆሞ ከለለኝ። ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ላይቩ ደግሞ ከእውነቱ ዘግየት ይላል፤ ሜዳው ላይ ሁሉም አልቆ ልጆቹ ወደ መሃል እየተመለሱ ነበር። ሕሊና ከሁሉም ኋላ፣ አንገቷን ደፍታ።

የሆነውን የነገረችኝ ዘውዴ ናት፣ እየሳቀች። ልጄ እንዳገባች እጇን ዘርግታ ወደ ካታንጋ ሮጠች፤ ትንሽ ሳለች አባቷ ወደሚቆምበት እንደምትሮጠው። ደረጃው ሥር ስትደርስ ቆመች። እዚያ የእኔ ቦርሳ ነው የነበረው።

ባስ ላይ። ጎሉን አየሽው? አለችኝ። አዎ አልኳት። ቆይታ፦

«በየትኛው እግሬ?»

በቀኝ አልኩ።

«በግራ ነው፣ ማሚ» አለችና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ግሩፑ በምግብ ፎቶ ተጥለቅልቋል። እንዲህ ያለ ጨዋታ አይተን አናውቅም ይላሉ። የፊታችን ረቡዕ የመጨረሻው ጨዋታ ስለሆነ ይደገም ተባለ። ዘውዴ ተራው የእኔ ነው አለች፣ እንደ ጽዋ ማኅበር። የማን ድፎ፣ የማን ተልባ። ስለ ኳስ ትንፍሽ ያለ የለም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ይህን ብዬ ልጽፍላቸው ነበር፣ ግን ያስላስኳቸው እኔው ነኝ።

ጋሽ ተኽለ ደወሉ። እንቅልፍ አጥተዋል። ከበሮውን እየመቱ፣ ልጅቷ ወደ ባዶ ደረጃ ስትሮጥ ስክሪኑ ላይ አይተዋል። «ሙሉ፣ እኔ ለማን ነበር የምመታው?» አሉኝ። ጉልበትዎን ያምዎታል፣ አንቱ ምን አደረጉ፣ አይጨነቁ አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2። ማታ

ታኬታዋን መታጠቢያው ውስጥ ታጥባለች። በሩ ላይ ቆሜ ነገ ሰው እንደሚመጣ፣ አሁን ግን በጊዜ እንዲገኙና ውጪ እንዲቀመጡ እንደማደርግ አስረዳኋት። ቧንቧውን ዘጋችው።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሰው ጥሪልኝ ብላ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ካቻምና ካታንጋ ሲሞላም የምትፈልገው አንድ ፊት ነበር፣ እሱን ካገኘች ሌላው ጩኸት ነው። ዘንድሮ ቀና ባለች ቁጥር ያ ፊት የለም። ወይ ስልክ ላይ ነው፣ ወይ በር በሩን ያያል፣ ወይ የመጣውን ሰው ይቆጥራል። «ጀርባሽን ነው የማየው፣ ማሚ። ዘ ሆል ጌም፣ ጀርባሽን።»

ስለሚመጣው ዓመትስ? አልኳት። ነገ ከጨዋታው በኋላ ለአሰልጣኟ ትነግራታለች። ምን ብለሽ? ቧንቧውን መልሳ ከፈተችው።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። ለማን ብዬ ነው የምለፋው? እጄ በቃሪያ የተቃጠለው ለማን ነው? ከዚያ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ዘንድሮ ካገባቻቸው ጎሎች አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ላስታውስ ሞከርኩ። በሩን አስታውሳለሁ። ፌርማታውን አስታውሳለሁ። የባለውሻውን ኮፍያ ሳይቀር አስታውሳለሁ። አለቀስኩ፣ ማስታወሻዬ፣ ትራሱን አፌ ላይ ይዤ፣ እንዳትሰማኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3። ከጠዋቱ 5 ሰዓት

ዝናብ። ሕሊና ቀድማ ወጣች። ታኬታዋ ገና እርጥብ ነው። ደህና ዋይ አለችኝ።

ስልኬ ከማለዳ ጀምሮ አላረፈም። ድስቱን ማን ይሸከማል? በየትኛው ፌርማታ እንውረድ? አዳራሹን ማን ያስከፍታል? ሙሉ ታውቃለች፣ ሙሉ በር ላይ ትቆማለች፣ ሙሉ ወጡን ታወጣልናለች።

ሙሉ ወስናለች። ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ ዛሬ በር ላይ የለሁም፣ አዳራሽም የለሁም። ካታንጋ፣ ታችኛው ደረጃ፣ ብረቱ አጠገብ ነኝ። መምጣት የፈለገ መንገዱን ያውቀዋል። የሚጾም ይጹም፣ በላይቭ የሚያይም ይይ፣ ማንንም አልቀየምም። ጋሽ ተኽለ ወዲያው መለሱ፤ ባስ ውስጥ ናቸው፣ ጉልበታቸው ቀስ ስለሚል በጊዜ ተነሥተዋል። የሌሎቹን መልስ አላነበብኩም።

ልጄ ለአሰልጣኟ ምን እንደምትላት አላውቅም። ብትተወውም ትተወው፣ የምትሮጠው እሷ ናት። ይህን መጻፍ እንዴት ከበደኝ። ግን ዛሬ ቀና ስትል ፊቴን ታገኘዋለች።

ስልኩን መሳቢያው ውስጥ ካንቺ ጋር፣ ማስታወሻዬ፣ እተወዋለሁ። ይኸው ደግሞ ጮኸ። ዘውዴ ናት፣ ትልቁ ጭልፋ የት ነው ልትለኝ። ይጩህ። ዝናቡ ብሷል። ጃንጥላው በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ አልይዘውም። ለማጨብጨብ ሁለት እጅ ያስፈልጋል።