ጃንጥላ ስለተያዘለት መለኪያና ፀሐይ ላይ ስለቀረው የሽንኩርት ተራ

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለከተማው የአደባባዮች ምቾት ጥናት ቡድን መሪ
ላሊበላ

ጉዳዩ፦ የቅዳሜ ገበያ ሙቀት እንደገና እንዲለካ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ ዕድሜዬ ለመታወቂያ ባይደርስም ለፀሐይ ደርሷል።

1. ሚያዝያ 25 ቀን የተከበሩ ባለሙያዎችዎ ጥቁር ኳስ ያለበትን የሙቀት መለኪያ ሽንኩርት ተራ መሐል አቁመው ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። የሽማግሌዎቻችን አንጋፋ አባባ ገብረመስቀል፣ "የእንግዳ ዕቃ አናቱን ፀሐይ ሲመታው ዝም ይባላል እንዴ?" ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉለት። ክንዳቸው ሲዝል አባባ ኢያቄም ተቀበሏቸው። "ኧረ አባባ፣ ፀሐዩን ሊለካ እኮ ነው የመጣው!" ብል፣ "አንቺ ደግሞ እንግዳ ማክበር መቼ ታውቂያለሽ" ተባልኩ። ባለሙያዎችዎም ሲመለሱ ጥላውን አይተው አመሰገኑ።

2. ቀጥሎ መጠይቅ ሆነ። "ሙቀቱን እንዴት ያገኙታል?" ሲባሉ አባባ ገብረመስቀል "ተመስገን ነው" አሉ፤ ጠያቂውም "በጣም ተስማሚ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። አባባ ቤታቸው ቢቃጠል እንኳ ለጠየቃቸው ሰው "ተመስገን" ነው የሚሉት። እሳቸው ከተናገሩ ወዲያ ማን አፉን ይከፍታል? ላቡ ወረቀቱ ላይ የሚንጠባጠበው ሁሉ "እንደ አባባ" እያለ አለፈ።

3. ሰኞ በተለጠፈው ውጤት ከመቶ ሰው ዘጠና አራቱ ተመችቶታል ስለተባለ፣ ለተራው ሊሠራ የነበረው የቆርቆሮ ጥላ ተሰርዟል። እህቴ ብርቅዬ እዚያ የምትሸጠው የሦስት ወር ልጇን አዝላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሕፃኑ ከሙቀቱ የተነሣ እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፎ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ተርፏል። እሱን ግን ማንም አልጠየቀውም፤ "ተመስገን" ማለት ገና ስላልተማረ እውነቱን ይነግራችሁ ነበር።

ስለዚህ መለኪያው ያለ ጃንጥላ እንዲቆም፣ ጠያቂውም ሽንኩርት ተራ አንድ ሰዓት ተቀምጦ እንዲጠይቅ፣ የጥላው ሥራም እስከዚያ እንዳይሰረዝ አመለክታለሁ።

ይህ የማይቻል ከሆነ፣ መለኪያውን ብቻ በየቅዳሜው ይላኩልን። አባባን "ጃንጥላውን ለብርቅዬ ልጅ ይያዙለት" ብላቸው፣ "እሱ እኮ የቤት ልጅ ነው፤ ይለምደዋል" ብለውኛል። መለኪያው ከመጣ ግን ጃንጥላው መዘርጋቱ አይቀርም፤ ልጁን ከመለኪያው እግር ሥር እናስተኛዋለን።

ከላብ ከተረፈ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጽጌማርያም ምሥጋናው

ግልባጭ፦
ለአባባ ገብረመስቀል
ጃንጥላቸው ሥር